ጥቆማ፦ ለቤት ውስጥ አትክልት የሚሆን ማዳበሪያ ደሴ ላይ የትኛው ይሻላል? መቼስ ይሰጥ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው። ሳሎን ውስጥ ፖቶስ፣ ሳንሰቪየሪያ፣ ፈርንና ሁለት ጀራኒየም አሉኝ። ከውጭ አገር የተላከልኝ የማዳበሪያ ጠርሙስ «ከመጋቢት እስከ መስከረም በየሁለት ሳምንቱ ይሰጥ፤ ከዚያ በኋላ ይቁም» ይላል። በዚሁ መሠረት በሐምሌና በነሐሴ ስሰጥ የፈርኑ ቅጠል ጫፍ ጫፉን እየነደደ መጣ። እዚህ ከሚሸጡት ውስጥ የሚሻለውን ከነአሰጣጡ ብትጠቁሙኝ ደስ ይለኛል።

ምላሽ፦ አብሽሩ እህቴ፤ የጠርሙሱ ጽሑፍ ስሕተት የለበትም፣ የተጻፈው ግን ለሌላ አየር ንብረት ነው። በሰሜን አውሮፓ የታኅሣሥ ቀን ወደ ስምንት ሰዓትና ከዚያም በታች ስለሚያጥር፣ ተክሉ ብርሃን አጥቶ ያርፋል። በወሎ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት ከአንድ ሰዓት ተኩል ባነሰ ጊዜ ነው። ስለዚህ የእኛን የሳሎን አትክልት የሚያሳርፉት፣ በአንድ በኩል የሐምሌና የነሐሴ ደመና፣ በሌላ በኩል ደግሞ ከኅዳር እስከ ጥር ድረስ በመስኮት በኩል የሚገባው የደሴ የሌሊት ቁር ናቸው። በክረምት የደጁ ሣር ሲፋፋ ስናይ የቤቱም እንደዚያው የሚያድግ ይመስለናል፤ ሆኖም ከመስኮት ራቅ ብሎ የተቀመጠ ፈርን በዚያ ወቅት የሚያገኘው ብርሃን ጥቂት ነው፣ አፈሩም ቶሎ አይደርቅም፣ ያልተጠቀመበት ማዳበሪያ ጨው ሆኖ ይከማችና ሥሩን ያቃጥላል። በአፈሩ ገጽ ወይም በሸክላ ማሰሮው ጠርዝ ላይ ነጭ ቅርፊት ካዩ ምልክቱ እርሱ ነው፤ ውሃው ከሥር በደንብ እስኪወርድ ድረስ ደጋግመው በንጹህ ውሃ ያጥቡት፣ ሳህኑ ላይ የቀረውንም ይድፉት።

ለደሴ የምመክረው የመመገቢያ ወቅት ሁለት ነው። አንደኛው ፀሐይ ከተመለሰች በኋላ፣ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ፤ ሁለተኛው ቁሩ ከለቀቀ በኋላ፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት ነው። የበልጉ ዝናብ ቢዘገይም በቤት ውስጥ የሚጠጣው ከእጅዎ ስለሆነ ብዙ ለውጥ የለውም። ሳንሰቪየሪያውን በእያንዳንዱ ወቅት አንድ ጊዜ ብቻ ቢመግቡት ይበቃዋል።

ወደ ሸቀጡ ስንመጣ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠቁመው በግብርና ግብዓት መሸጫዎች የሚገኘውን በውሃ የሚሟሟ 20-20-20 ነው። ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ፖታሲየም በእኩል መጠን ስላለው ለቅጠሉም ለአበባውም ያገለግላል። ያልተቆለለ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም አምስት ግራም ገደማ፣ በ10 ሊትር ጀሪካን ውሃ በጥብጠው በየሁለት ሳምንቱ ቀድሞ በረጠበ አፈር ላይ ያጠጡ። አንዳንድ ሱቆች ከትልቁ ከረጢት ቀንሰው በፌስታል ቋጥረው ይሸጣሉ፤ ይህ በራሱ ነውር ባይሆንም፣ ዋናውን ከረጢት አሳይተው ከፊትዎ የሚመዝኑበት ሱቅ ይምረጡ። ነጭ፣ ክብ ክብ ጥራጥሬ ይዞ «ያው ነው» የሚልዎት ሻጭ ዩሪያ እየሰጠዎት ሊሆን ይችላል።

ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ነው፣ ሌላ ንጥረ ነገር የለውም። ኤንፒኤስ የሚባለው ደግሞ 19 ናይትሮጅን፣ 38 ፎስፈረስና 7 ድኝ ሲኖረው ፖታሲየም ግን የለውም። ሁለቱም ለስንዴና ለጤፍ ማሳ የታሰቡ ናቸው። ከገጠር ዘመድ በነፃ ቢመጣልዎት እንኳ ጥራጥሬውን በትንሽ ማሰሮ ውስጥ እንዲጨምሩ አልመክርም።

ሁለተኛው ምርጫዬ ቨርሚ ኮምፖስት፣ ማለትም በትል የተብላላ ብስባሽ ማዳበሪያ ነው። ሥር አያቃጥልም ማለት ይቻላል፤ ሁለት ማንኪያ ከላይ በትኖ በጣት ማደባለቅ ለወራት ያገለግላል። ተደራጅተው ኮምፖስት ከሚሸጡ ወጣቶችም ሆነ ከችግኝ ጣቢያ ሲገዙ እጅዎን ወደ ከረጢቱ ውስጥ ይክተቱ። መሃሉ የሚሞቅ ከሆነ ገና አልበሰለም። በጭብጥዎ ሲጨምቁት ሳይንጠባጠብ መያያዝ፣ ሽታውም ዝናብ የነካው መሬት ሽታ መሆን ይኖርበታል፤ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ከሆነ ይተዉት። ጉድለቱ በክረምት ይታያል፤ እርጥቡ ኮምፖስት ትንንሽ ጥቋቁር ዝንቦችን ያራባል።

የቡና አተላን ብዙ ሰው ከአቦል እስከ በረካ አጠራቅሞ በቀጥታ ማሰሮ ላይ ይደፋዋል። ተደፍቶ ሲቀር ይሻግታል፣ ውሃም አያሳልፍም፤ አድርቆ ከኮምፖስት ክምር ጋር መቀላቀሉ ይሻላል። ጨው የገባበት ከሆነ ግን ፈጽሞ አይጠቅምም። አመድ ፖታሲየም ቢኖረውም አፈሩን ስለሚለውጥ ለጀራኒየሙ ከቁንጥር አይለፍ፣ ለፈርኑ ደግሞ ይቅር።

ቤት ድረስ የሚመጣ አትክልተኛ ለመቅጠር ካሰቡ፣ መለያው ቀላል ነው። ጎበዙ መጀመሪያ ማሰሮውን አንሥቶ ክብደቱን ያያል፣ ጣቱን አፈር ውስጥ ይከታል፣ ከዚያም «ዛሬ ምንም አያስፈልገውም» ለማለት አያፍርም። በመጣ ቁጥር በትኖ ለሚሄድ ሰው ገንዘብ ባያወጡ እመርጣለሁ።

ተጨማሪ አስተያየት፣ ከኮምቦልቻ፦ የተባለው ለደሴ ልክ ነው፤ እኛ ግን ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ስለምንል የበጋው ሌሊት ያን ያህል አይበርደንም። የእኔ ፖቶስ በታኅሣሥም አዲስ ቅጠል ስለሚያወጣ በወር አንድ ጊዜ ግማሹን መጠን እሰጠዋለሁ።

ምላሽ፦ እውነት ነው ወንድሜ፤ አዲስ ቅጠል ከታየ የወሩን ስም መቁጠር አያስፈልግም። ከኮምቦልቻ ችግኝ ገዝቶ ወደ ደሴ ለሚያወጣ ሰው ግን አንድ ነገር ልጨምር፦ ችግኙ ብዙውን ጊዜ ፍግ በተቀላቀለበት አፈር ስለሚሸጥ፣ ብርዱንም ገና ስላልለመደ፣ ደሴ ላይ የመጀመሪያውን አዲስ ቅጠል እስኪያወጣ ድረስ ከውሃ በቀር ምንም አይሰጠው።