ክርክር፦ ከፍቺ ክስ በፊት አስማሚ ዘንድ መቅረብ ግዴታ ይሁን?

የሁለት ልጆች አባት፦
ግዴታ ይሁን ባይ ነኝ። ከልጆቼ እናት ጋር ስንለያይ ቀድመን ክስ ለመክፈት ነበር የተሯሯጥነው። ሁለት ዓመት ተመላለስን። ትንሿ ልጄ የት እንደምታድር ስለማታውቅ የጥርስ ብሩሿን ከደብተሮቿ ጋር ይዛ ነበር ትምህርት ቤት የምትሄደው። መጨረሻ ላይ ምን ተወሰነ? ሳምንቱን እናታቸው ጋር፣ ቅዳሜና እሁድን እኔ ጋር። ይህን እኮ ቁጭ ብለን ብንነጋገር በሦስት ቀጠሮ እንጨርሰው ነበር። ግን ሁለታችንም እልህ ይዞናል። እልህ የያዘው ሰው ካልተገደደ በገዛ እግሩ አይሄድም።

ከዱላ ያመለጠች፦
ወንድሜ፣ የልጅህ ነገር አንጀቴን በላው። ግን "ሁሉም ይቀመጥ" ሲባል እኔም አለሁበት። ባሌ ሰው ፊት ድምፁን ከፍ አያደርግም። እስክሪብቶውን ጠረጴዛ ላይ ኳ ኳ ያደርጋል። ቤት ስንገባ ጉድሽ ይፈላል ማለቱ ነው። ይህን ከእኔ በቀር ማንም አይረዳውም። እሱ እያንኳኳ እኔ ስለ ቀለብ ልከራከር? ያለኝን ሁሉ እሺ ብዬ፣ ፈርሜ ነው የምወጣው። ከዚያ "በስምምነት ተፋቱ" ይባላል። ሴቶችን ከጥቃት ለመጠበቅ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የአውሮፓ ምክር ቤት ውል፣ የኢስታንቡል ስምምነት የሚባለው፣ አንቀጽ 48 ጥቃት ባለበት ጉዳይ አስገዳጅ ማስማማት እንዲከለከል የሚጠይቀው በከንቱ አይደለም።

በማስማማት ሥራ ላይ ያለሁ፦
እህቴ ያነሳችው ዋናው ነጥብ ነው። ግን አንድ ነገር ላጥራ። ብዙ ሰው አስማሚ ሲባል አስታራቂ ይመስለዋል። እኛ ትዳሩን ለመጠገን አንቀመጥም። የምንነጋገረው እንዴት እንደሚለያዩ ነው፦ ልጆቹ የት ይደሩ፣ ቀለቡ ስንት ይሁን፣ ቤቱና ዕዳው እንዴት ይከፋፈል። አስማሚ አይፈርድም፣ ለማንም አይወግንም።

የመጀመሪያው ቀጠሮ ለየብቻ ነው። እዚያ እጠይቃለሁ። ትፈሪዋለሽ? ስልክሽን ይፈትሻል? ገንዘቡን የሚይዘው ማነው? መልሱ ካሳሰበኝ ጉዳዩ እኔ ጋር አይቀጥልም፣ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ፊት ለፊት መተያየት ብቻ የከበዳቸው ከሆነ ግን ሁለት ክፍል ውስጥ አስቀምጬ እኔ እመላለሳለሁ።

ስለዚህ ግዴታ መሆን ያለበት ይህ የብቻ ቀጠሮ ነው እላለሁ። በእንግሊዝና ዌልስ ያለው አሠራር ለዚህ ይቀርባል። ስለ ልጆች ወይም ስለ ገንዘብና ንብረት ለፍርድ ቤት ማመልከቻ ከማስገባት በፊት ስለ ማስማማት የሚብራራበት ስብሰባ ላይ መገኘት ይጠበቃል። የቤት ውስጥ ጥቃት ማስረጃ ያለው ሰው ነፃ ነው። ከዚያ ወዲያ መቀጠል በፈቃድ ነው።

የቤተሰብ ጉዳይ ጠበቃ፦
ገንዘቡን አትርሱ። ዳኛ የባንክ ሒሳብ ይቅረብ ብሎ ያዛል፣ አስማሚ ማዘዝ አይችልም። ሁለቱም ሀብትና ዕዳቸውን በሰነድ ካላቀረቡ ድርድሩ የጨለማ ነው። ደንበኞቼን ሁልጊዜ የምለው፣ ረቂቁን ሳላየው እንዳትፈርሙ ነው። ፍርድ ቤት ካጸደቀው በኋላ "አልገባኝም ነበር" ማለት ብዙም አያዋጣም።

የሁለት ልጆች አባት፦
የብቻ ቀጠሮው አሳምኖኛል። ግን አንድ ቀን አይበቃም። እኔ ብሆን ሄጄ፣ ወረቀቴን አስፈርሜ፣ በማግስቱ ክሴን እከፍት ነበር። ጥቃት በሌለበት ቤት ቢያንስ አንድ የጋራ ቀጠሮም ግዴታ ይሁን።

ከዱላ ያመለጠች፦
"ጥቃት በሌለበት" የሚለውን ማን ይወስናል? የመጀመሪያ ቀን ብጠየቅ "ምንም የለም" ነበር የምለው። ለእህቴ እንኳን ለመናገር ስምንት ወር ፈጅቶብኛል። በየትኛውም ቀጠሮ፣ ምክንያቴን ሳልናገር "በቃኝ" ብዬ ተነስቼ ወደ ዳኛ መሄድ የምችል ከሆነ እሺ እላለሁ። ያ ካልተጻፈበት ግን ድምፄን አልሰጥም።