ከቧንቧው የሚወርደው ውሃ ያቃጥላል፣ በምን ልጠቅልለው?

የሳቢያኗ፦ ሰላም ድሬዎች፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ከቀኑ 6 ሰዓት ጀምሮ የማእድ ቤቱ ውሃ እጅ ያቃጥላል። የፕላስቲክ ሽታም አለው። ሕፃን ልጅ አለኝ፣ የዱቄት ወተቱን የምበጠብጠው በዚሁ ነው። መስመሩ ከሮቶው ተነስቶ በቆርቆሮው ላይ ነው የሚመጣው። ባለቤቴ ዛሬውኑ በስፖንጅ እንጠቅልለው ይላል። ምን ዓይነት ልግዛ?

የገንደ ቆሬው፦ አቦ ሻይ ቅጠል ጨምሪበትና ጠጪው! ስቀልድ ነው እህቴ። እኛ በስፖንጅ ጠቅልለን፣ ላዩን በማዳበሪያ ከረጢት አስረን ተገላግለናል።

መምህሩ፦ ነገሩን አታቅልሉት። ውሃ ሲሞቅ ክሎሪኑ ቶሎ ያልቃል። ሌጂዮኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ከ25 እስከ 45 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ይመቸዋል። የታወቀውም በ1976 እ.ኤ.አ. ፊላደልፊያ ሆቴል ለስብሰባ የመጡ የቀድሞ ወታደሮች በሳንባ ምች ከሞቱ በኋላ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ከ25 ዲግሪ በታች፣ ከተቻለም ከ20 በታች መሆን አለበት።

የከዚራዋ፦ 20 ዲግሪ፣ በድሬ፣ በግንቦት? ደግሞ ያ በሽታ በብዛት የሚይዘው የውሃውን ብናኝ ሲተነፍሱት ነው እንጂ ሲጠጡት አይደለም። እናቲቱን አታስደንግጣት።

አንድ አባል፦ ካላማዳሪ ቅደጅና ጠቅልይበት። ነፃ ነው።

ቧንቧ ሠራተኛ፦ ካላማዳሪ ጥቁር ነው፣ ፀሐይ ይስባል። ስፖንጅም ቢሆን ሙቀቱን ያዘገያል እንጂ ውሃ አያቀዘቅዝም። ሮቶው ራሱ ፀሐይ ላይ ከሆነ የጋለ ውሃ ነው የሚወርድልሽ። መጀመሪያ ለሮቶው ጥላ ሥሪለት። ስፖንጁ ውሃ የማይመጥ ይሁን፣ የፍራሹን አትግዢ። ላዩን ነጭ ነገር አልብሽው፣ አለዚያ ፀሐይ ያፈራርሰዋል። የሚያፈስ መገጣጠሚያ ካለ ሳይጠገን እንዳይሸፈን። እኔን ያሳሰበኝ ግን ሽታው ነው። ቧንቧው ምንድን ነው?

የሳቢያኗ፦ ያው ቧንቧ ነዋ። አረንጓዴው የአትክልት ማጠጫ ጎማ።

የገንደ ቆሬው፦ በስፖንጅ ጠቅልይው አልኩሽ እኮ።

ቧንቧ ሠራተኛ፦ ኧረ ጎማ ነው እንዴ! እሱ ለመጠጥ ውሃ አልተሠራም። ሲግል ከፕላስቲኩ ወደ ውሃው የሚገባ ነገር አለ፣ ብታፈዪውም አይለቅም። ጠቅልለሽ ምንም አታተርፊም። አንሺውና ለመጠጥ ውሃ የሚሆን ፒፒአር የሚባለውን ጠንካራ የፕላስቲክ ቧንቧ አስገጥሚ። በቆርቆሮው ላይ ሳይሆን ጥላ ባለበት ግድግዳ በኩል ይውረድ። የመጠቅለሉ ነገር ከዚያ በኋላ ነው። ከሮቶው እስከ ማእድ ቤት ስንት ሜትር ይሆናል?

የከዚራዋ፦ እስከዚያው ለልጁ ከጎማው እንዳትቀጂ። ውሃ ሲመጣ ግቢ ካለው ቧንቧ በቀጥታ በንጹህ ጀሪካን ቅጂና ክደኚው። በደንብ ተንተክትኮ 1 ደቂቃ ይፍላ። ዱቄቱን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ፣ ውሃው ከ70 ዲግሪ በታች ሳይወርድ በጥብጪው። ከዚያ አብርደሽ፣ እጅሽ ላይ ጠብ አድርገሽ ሞክረሽ ስጪው።

ቧንቧ ሠራተኛ፦ እህቴ፣ ሜትሩን ንገሪኝ እንጂ። ሮቶውስ ጥቁር ነው?

የገንደ ቆሬው፦ ጎማውን አነሳሽው?