«ዛሬ ምን ልንማር ነው?» ስላት «ገጽ 43» አለችኝ

የከዚራው መምህር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ 6ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። 58 ልጆች፣ የከሰዓት ፈረቃ። ሙቀቱን አልነግራችሁም፤ ድሬን የሚያውቅ ያውቀዋል።

በየቀኑ ሰሌዳው ጥግ ላይ የዕለቱን ዓላማ እጽፋለሁ። «ተማሪዎች ታህታቸው የተለያየ ክፍልፋዮችን ይደምራሉ» ዓይነት ነገር። ልጆቹ ይገለብጡታል፤ በቀይ እስክርቢቶም ያሰምሩበታል። ባለፈው ሳምንት ከፊት የምትቀመጠውን አንዲት ጎበዝ ልጅ «ዛሬ ምን ልንማር ነው?» ብላት «ገጽ 43» አለችኝ። አቦ፣ ሳቄ መጣ። ቤት ስገባ ግን ከንክኖኝ አደረ።

ፈተና ስመልስም ያው ነው። «ከአሥር ስንት አመጣህ?» ይባባላሉ፣ ከዚያ ወረቀቱ ማራገቢያ ይሆናል። በቀይ የጻፍኩላቸውን የሚያነብ የለም። ከመስከረም ወዲህ በጣም የተሻሻለ ልጅ አለ፤ ራሱ ግን አያውቀውም። የሚያውቀው ደረጃውን ነው። እናንተ እንዴት ታደርጋላችሁ?

ፈረስ መጋላ፦
መምህር፣ ያ ዓላማ የተጻፈው ለሱፐርቫይዘር ነው እንጂ ለልጅ አይደለም። ሐረር 22 ዓመት አስተምሬ ነው ይሄ የገባኝ።

እስቲ ሰሌዳው ላይ ሁለት መልስ ጻፍ። አንዱ 1/2 + 1/3 = 2/5፣ ሌላው 1/2 + 1/3 = 5/6። የትኛው ልክ እንደሆነ አትንገራቸው፤ ይከራከሩ። 2/5 እኮ ከግማሽ ያንሳል! ግማሽ ዳቦ ይዘህ ሲሶ ቢጨምሩልህ እንዴት ይቀንስብሃል? አንድ ልጅ ይህን ሲያይ ክፍሉ ይንጫጫል። ከዚያ «ታዲያ ምን ማወቅ አለብን?» በላቸው፤ ያሉትን እንዳሉት ጻፈው። የኔዎቹ «መጀመሪያ ቁራሾቹን እኩል ማድረግ» ነበር ያሉት።

ጡረተኛው፦
የወረቀቱን ነገር ልጨምር። ሩት በትለር የምትባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1988 ያወጣችው ጥናት አለ። ለ5ኛና ለ6ኛ ክፍል ልጆች ለአንዱ ቡድን ማርክ ብቻ፣ ለአንዱ አስተያየት ብቻ፣ ለሦስተኛው ሁለቱንም ሰጠች። የተሻሻሉት አስተያየት ብቻ ያገኙት ናቸው። ሁለቱም የተሰጣቸው ማርክ ብቻ ካገኙት ብዙም አልተለዩም። ልጅ ቁጥር ካየ ሌላውን አያይም ማለት ነው። እና ወረቀቱን ያለ ማርክ መልስ፤ ስህተታቸውን ያርሙ፤ ማርኩን ከሁለት ቀን በኋላ ንገራቸው።

የሳቢያን እናት፦
ጋሼ፣ ያለ ማርክ ወረቀት ቤት ቢመጣ እኔ መምህሩ ሳያርም መለሰው ነው የምለው። ለወላጅ አስቀድማችሁ ንገሩን።

ሌላው ደግሞ፣ እኛ ቤት የሚወራው ሶማሊኛ ነው። «ታህት» ለልጄ ምኗም አይደለም። ከታች ያለው ቁጥር ብትሏት ይገባታል።

የከዚራው መምህር፦
ሞከርኩት። የ2/5ቱ ክርክር ርዕሰ መምህሩን በር ላይ አመጣብኝ፤ ድብድብ መስሎት። «ታህት»ንም «የታች ቁጥር» እያልኩ ነው አሁን፤ ለፈተናው ስል ሁለቱንም አብሬ እጽፋለሁ።

ከዚያ የመስከረሙን መመዘኛ ከቁምሳጥን አወጣሁና ያንኑ ጥያቄ እንደገና አሠራኋቸው። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ያዙ። ያ የተሻሻለው ልጅ የድሮውን ገልብጦ ስሙን አየ፣ መልሶ ገለበጠው፣ «ቲቸር፣ ይሄ የኔ ነው እንዴ?» አለኝ። ስንተኛ ወጣሁ ሳይል ወደ ቤት ሲሄድ የመጀመሪያው ነው።

የጡረተኛውን ምክር ግን አልቻልኩበትም። ማርክ ሊስቱን ጠረጴዛ ላይ ረስቼ ወጣሁ፤ ከእረፍት ስመለስ 58ቱም ውጤታቸውን ያውቁ ነበር።