ለሃይሉክስ 2ኬዲ ኢንተርኩለር ስንት ኢንች ቱቦ ልጠቀም?

ጥያቄ (ባለ ሃይሉክስ)፦
መኪናው ያለ ኢንተርኩለር (ቱርቦ አምቆ ወደ ሞተር የሚገፋውን ትኩስ አየር የሚያቀዘቅዝ) የመጣ ነው፤ ሞተሩ 2.5 ሊትር 2ኬዲ ናፍጣ ነው። ኢንተርኩለሩን ከራዲያተሩ ፊት ላስር ነው፤ ቱቦው ደርሶ መልስ 3 ሜትር ያህል ይሆናል። የቱርቦው ግፊት አይቀየርም። አንዱ «2 ኢንች ያንቀዋል፣ 3 አድርግ» ይላል፤ ሌላው «3 ኢንች ቱርቦውን ያዘገየዋል» ይላል። የቱን ልያዝ?

መልስ (ናፍጣ)፦
2 ኢንች ይበቃሃል፣ ወንድሜ። ባለ አራት ምት ሞተር በሁለት ዙር አንዴ ነው አየር የሚስበው። በደቂቃ 3,600 ዙር ላይ ሲሊንደሩ 85 በመቶ ይሞላል ካልን፣ በሰከንድ 64 ሊትር ግድም ይወስዳል። ግፊት ሲጨምር አየሩ ይታመቃል እንጂ ይህ መጠን ብዙም አይለወጥም። የውስጥ ስፋቱ 48 ሚሊ ሜትር በሆነ የ2 ኢንች ቱቦ አየሩ በሰከንድ 35 ሜትር ይሄዳል፤ በትኩሱ ወገን፣ ከቱርቦ እስከ ኢንተርኩለር፣ 43 ሜትር ቢሆን ነው። እኔ የምሰጋው 100 ሜትር ሲያልፍ ነው።

መልስ (ቶርኖ ቤት)፦
እስማማለሁ። በ3 ሜትር ርዝመት 2 ኢንች 5.4 ሊትር፣ 3 ኢንች ደግሞ 12.5 ሊትር ይይዛል። ሰፊው ቱቦ በአየር እስኪሞላ የሚመጣው መዘግየት የሚሰማው በዝቅተኛ ዙር ነው፤ ከዚያ የሚብሰው ግን ቦታ ነው። 3 ኢንች በባትሪውና በፋኑ መሃል አያልፍም፤ ጨፍልቀው ያሳልፉታል። የተጨፈለቀ 3 ኢንች ከንጹህ 2 ኢንች ይብሳል። ክርኑ ሳይጨማደድ የታጠፈ ይሁን፤ የመታጠፊያው ራዲየስ እስከ ቱቦው መሃል ሲለካ ቢያንስ 76 ሚሊ ሜትር ይሁን።

የቱቦው ጫፍ ዙሪያውን ከፍ ያለ ቀለበት ይውጣለት፤ ለስላሳ ጫፍ ግፊት ሲመጣ ከሲሊኮን ማገናኛው ይሾልካል። የሲሊኮን ማገናኛው 35 ሚሊ ሜትር ያህል ይግባ፣ ክላምፑም (ማሰሪያው) ከቀለበቱ ኋላ ይጥበቅ። ሞተሩ በተቀመጠበት የጎማ ማቀፊያ ላይ ስለሚወዛወዝ በሁለቱ ብረት ጫፎች መካከል 10 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተው። ከብየዳ በኋላ ውስጡን አጥበህ አድርቅ፤ የቀረ ፍንጣሪ ቀጥታ ሞተር ነው የሚገባው።

ባለ ሃይሉክስ፦
የኢንተርኩለሩ አፍ ግን 2.5 ኢንች ነው። ቱቦውንም 2.5 ላድርገው?

መልስ (ናፍጣ)፦
አያስፈልግም፤ ከ2 ወደ 2.5 ቀስ ብሎ የሚሰፋ ሲሊኮን እዚያው አፉ ላይ አድርግ። በቀዝቃዛው ወገን 2.5 ከገባልህ አይጎዳም። በትኩሱ ወገን ግን የሲሊኮኑ ውስጥ ዘይት በሚችል ፍሎሮሲሊኮን የተለበጠ ይሁን። ከቱርቦ የሚወጣ የዘይት ጉም ተራውን ሲሊኮን እያራሰ ያሳብጠዋል፣ በመጨረሻም ይበጠሳል።

መልስ (ጌጅ)፦
ከመንዳትህ በፊት መስመሩን ከቱርቦውና ከማኒፎልዱ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ ከሚያከፋፍለው) ፈተህ ሁለቱን ጫፍ ድፈንና ከ1 ባር ሳታሳልፍ አየር ሙላው፤ መጋጠሚያውን ሁሉ የሳሙና ውሃ ቀባ። ድፍኑ ተፈናጥሮ እንዳይመታህ በደንብ እሰረው፣ ፊት ለፊቱም አትቁም።

ከዚያ በጭነት ዳገት ላይ ከቱርቦው መውጫና ከማኒፎልዱ መግቢያ ግፊት ለካ። ልዩነቱ ከ0.15 ባር ከበለጠ ቱቦ ከመቀየርህ በፊት ኢንተርኩለሩን ጠርጥር፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያንቀው እሱ ነው።

ባለ ሃይሉክስ፦
2 ኢንች አስቆርጣለሁ፤ ልኬቱን ይዤ እመለሳለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።