በ6 ቀን 5 ጨዋታ ያሸነፈ የኮሌጅ ቡድን ነበረ የሚባለው እውነት ነው?

ባለ 4 ቁጥሩ፦
ሰላም ጓዶች፣ እንዴት ናችሁ? እዚሁ ባህር ዳር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ለዲፓርትመንታችን ተከላካይ ሆኜ እጫወታለሁ። ባለፈው ቅዳሜና እሁድ በተከታታይ ሁለት ጨዋታ ነበረን። እሁድ ሊያልቅ ሲል ባቴ ድርቅ አለና ተዘረርኩ፣ ሁለት ልጆች እግሬን ወደ ላይ ይዘው ጣቶቼን ወደ ኋላ ሲገፉልኝ ነው የለቀቀኝ። ማታ ጣና ዳር ዓሳ እየበላን ይህን ሳወራ አሜሪካ የኖረ የአክስቴ ልጅ "ስዋኒ የሚባል ኮሌጅ እኮ በ6 ቀን 5 ጨዋታ አሸንፏል፣ አንድ ነጥብ ሳይቆጠርበት" አለኝ። ያውም በአሜሪካ ፉትቦል፣ ሰው ከሰው በሚላተምበት! እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣም። የምታውቁ በደንብ አስረዱኝ።

የዓባይ ማዶ፦
እውነት ነው ወንድሜ። እንደ ፈረንጅ ኖቬምበር 1899፣ ከአድዋ ድል 3 ዓመት ካለፈ በኋላ ማለት ነው። ስዋኒ ቴነሲ ውስጥ ተራራ ላይ ያለ ትንሽ ኮሌጅ ነው። ሐሙስ ኦስቲን ላይ ቴክሳስን 12 ለ 0፣ አርብ ሂውስተን ላይ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤምን 10 ለ 0፣ ቅዳሜ ኒው ኦርሊንስ ላይ ቱሌንን 23 ለ 0። እሁድ ሰንበት ስለሆነ አልተጫወቱም። ሰኞ ሉዊዚያና ስቴትን 34 ለ 0፣ ማክሰኞ ሜምፊስ ላይ ሚሲሲፒን 12 ለ 0። ደርሶ መልሱ በባቡር 4,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከባህር ዳር አዲስ አበባ ወደ 7 ጊዜ እንደ መሄድ አስበው። በዓመቱ 12 ተጫውተው 12ቱንም አሸነፉ፣ ጠቅላላ 322 ለ 10። አስሯንም ያስቆጠረባቸው ኦበርን ብቻ ነው። 11 ለ 10 አለቀ። የኦበርን አሰልጣኝ ደግሞ ዛሬ ትልቁ የኮሌጅ ፉትቦል ሽልማት በስሙ የሚጠራው ጆን ሃይዝማን ነበር።

ሸጋው፦
ጥሩ ነው፣ ግን ከዛሬ ጋር አታወዳድሩት። ያኔ ጨዋታው ገና ጀማሪ ነው። ኳስ ወደ ፊት መወርወር የተፈቀደው እንኳ በ1906 ነው።

የዓባይ ማዶ፦
ሸጋው፣ እሱ እኮ ነው ይበልጥ የሚያከብደው። ውርወራ ከሌለ ኳሷ የምትሄደው በትከሻ ግፊያ ነው። ያው 11 ሰው ያጠቃል፣ ያው 11 ሰው ይከላከላል።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጆቼ፣ ስለ ተጫዋቾቹ ብዙ ተባለ። እኔ የማደንቀው ጉዞውን ያደራጀውን ልጅ ነው። ሉክ ሊ ይባላል፣ እሱም ተማሪ ነበር፣ ኋላ የአሜሪካ ሴናተር ሆኗል። ስዋኒ ተመልካች በሚከፍለው የመግቢያ ገንዘብ ክፍፍል ከቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ጋር ተጣልቶ የዚያ ዓመት ግጥሚያቸው ቀረ። ያ ደግሞ ጥሩ ገቢ የሚያስገኝ ጨዋታ ነበር። ሊ ጉድለቱን ለመሙላት ነው አምስቱን ጨዋታ ደርድሮ የያዘው። የሰው አገር ውሃ ሆዳቸውን እንዳያውከው ብሎ የተራራቸውን የምንጭ ውሃ በበርሜል አስጭኖ ሄደ። ጫማቸው ተረስቶ ቀርቶ ነበር፣ እሱንም በቴሌግራም፣ በዚያ ዘመን የሽቦ መልእክት ማለቴ ነው፣ ጠይቆ አስልኮ አስደረሰላቸው። አሰልጣኙ ቢሊ ሱተር ጎበዝ ነው፣ አልክድም። ግን ያ ውሃና ያ ጫማ ባይኖር ሐሙስን እንኳ ባላለፉ ነበር ባይ ነኝ።

ባለ 4 ቁጥሩ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ በርሜሉን ሲነግሩኝ ነው ነገሩ የገባኝ። እኛ እሁድ እረፍት ላይ 22 ልጆች ሆነን አራት ሃይላንድ ውሃ ነው የተካፈልነው። ለእኔ የደረሰኝ ሁለት ጉንጭ ነው። ማንም አላሰበበትም፣ እኔም ጭምር። ቀጣዩ ጨዋታችን ቅዳሜ ነው። አንድ የማይጫወት ጓደኛችን አለ፣ ሁሌ ሊያየን ይመጣል። ዛሬ ማታ ሄጄ ሉክ ሊ ሁንልን ልለው ነው።