የጌሊክ እግር ኳስ ሊግ ፍጻሜ ይቅር ወይስ ይቆይ?

ከደብሊን፦
ለክርክር ያቀረብኩት ጥያቄ፣ የአየርላንድ ብሔራዊ የጌሊክ እግር ኳስ ሊግ በየዓመቱ የሚያካሂደው የፍጻሜ ጨዋታ መቅረት አለበት ወይስ የለበትም የሚል ነው። አሠራሩን ለማያውቁ ወገኖች በአጭሩ ላስረዳ። ጌሊክ እግር ኳስ ኳሱን በእጅም በእግርም የሚጫወቱበት የአየርላንድ ስፖርት ነው። በሊጉ 32 ቡድኖች ይሳተፋሉ፤ እነሱም ከኪልኬኒ በስተቀር ያሉት የአየርላንድ ካውንቲዎችና የለንደን ቡድን ናቸው። ስምንት ስምንት ሆነው በአራት ዲቪዚዮን ተመድበው፣ ከጃንዋሪ መጨረሻ ጀምሮ እያንዳንዳቸው ሰባት ጨዋታ ያደርጋሉ። በየዲቪዚዮኑ አንደኛና ሁለተኛ የወጡት በማርች መጨረሻ ለፍጻሜ ይቀርባሉ። ከሁለተኛ እስከ አራተኛ ዲቪዚዮን ያሉት ግን ለፍጻሜ ሲደርሱ ወደ ላይኛው ዲቪዚዮን ማደጋቸው ቀድሞ ተረጋግጧል። እንግዲህ ጨዋታው የሚወስነው ዋንጫውን ማን እንደሚያነሣ ብቻ ነው።

እኔ መቅረት አለበት እላለሁ። ሜዮ በኤፕሪል 2 ቀን 2023 ጎልዌይን አሸንፎ የአንደኛ ዲቪዚዮንን ዋንጫ ወሰደ። ልክ በሳምንቱ፣ ከሊጉ ቀጥሎ በሚመጣውና ለመላው አየርላንድ ዋንጫ መንገድ በሚጠርገው የክፍለ ሀገር ውድድር፣ በገዛ ሜዳው በካስልባር ከሮስኮመን ጋር ተጫውቶ፣ 2 ጎልና 8 ነጥብ ለ10 ነጥብ ተሸነፈ። አንድ ጎል እንደ ሦስት ነጥብ ስለሚቆጠር፣ ልዩነቱ አራት ነጥብ ነበር። የመላው አየርላንድን ዋንጫ ከ1951 ወዲህ ላላየ ሕዝብ፣ የሊጉ ደስታ በሰባተኛው ቀን ወደ ሐዘን ተለወጠ። ደግሞም ተጫዋቾቹ ደመወዝ አይከፈላቸውም። እሑድ በደብሊኑ ታላቅ ስታዲየም በክሮክ ፓርክ ሰባ ደቂቃ ሲጋጭ የዋለ መምህር፣ ሰኞ ጠዋት ጣቱን በፋሻ ጠቅልሎ ክፍል ይገባል፤ ማክሰኞ ማታ ደግሞ ልምምድ ይጠብቀዋል።

ከስላይጎ፦
ወንድሜ፣ ስለ ሜዮ ያነሡት እውነት ቢሆንም፣ ከአንድ ቡድን ሽንፈት ተነሥተው ለ32ቱም መፍረድዎ አልተዋጠልኝም። ኬሪ በ2025 በሊጉ ፍጻሜ ሜዮን 1 ጎልና 18 ነጥብ ለ1 ጎልና 12 ነጥብ ረታ፤ በጁላይ ደግሞ ዶኒጎልን በአሥር ነጥብ ልዩነት አሸንፎ የመላው አየርላንድ ሻምፒዮን ሆነ። በ2022ም ሁለቱንም ዋንጫ የወሰደው ይኸው ኬሪ ነው። የፍጻሜው ጨዋታ ጉልበት የሚያሟጥጥ ቢሆን ኖሮ ይህ እንዴት ይሆን ነበር?

ከዚህ ይልቅ ትንንሾቹን ካውንቲዎች እንድናስብላቸው እለምናለሁ። ሊትሪም በሕዝብ ብዛት ከሁሉም ካውንቲዎች ያነሰ ነው። በ2019 የአራተኛ ዲቪዚዮን ፍጻሜ ሲደርስ ክሮክ ፓርክ ገብቶ ከዴሪ ጋር ተጫወተ። ከ82 ሺህ ሰው በላይ በሚይዘው በዚያ ስታዲየም የካውንቲውን አረንጓዴና ቢጫ ማልያ ለብሶ መሮጥ፣ ለእንዲህ ያለ ቡድን ልጆች ምናልባት በሕይወታቸው አንድ ጊዜ የሚገጥም ዕድል ነው። ያን ቀን ያሸነፈው ዴሪም ከአራተኛ ዲቪዚዮን ተነሥቶ በ2024 የአንደኛ ዲቪዚዮንን ዋንጫ አነሣ። ይህን መሰላል ከላይኛው እርከን እንጀምርና እንንቀለው ማለት ይከብደኛል።

ከኮርክ፦
በዴሪ ጉዳይ አንድ ነገር ልጨምር። ዴሪ በ2024 ዋንጫውን ካነሣ ከሦስት ሳምንት በኋላ በክፍለ ሀገሩ ውድድር በዶኒጎል 4 ጎልና 11 ነጥብ ለ17 ነጥብ ተሸንፏል፤ ብዙ ሰውም ይህን የሊጉ ፍጻሜ ድካም ያመጣው ነው ይላል። ጨዋታውን የተመለከተ ሰው ግን ዴሪን የጎዳው ግብ ጠባቂው ወደ መሐል ሜዳ እየወጣ መጫወቱና ኳሷ ከአናቱ በላይ ተሻግራ ባዶ ጎል ውስጥ መግባቷ እንደሆነ አይስተውም። የአሰላለፍን ስሕተት በድካም ማሳበብ አይገባም።

ከደብሊን፦
የኮርኩን ወንድማችንን እርማት ተቀብያለሁ፤ የዴሪን ሽንፈት ለማስረጃነት አላነሣውም። ስለ ሊትሪም የተባለውም ልቤን ነክቶታል፤ ስለዚህም የታችኞቹ ዲቪዚዮኖች ፍጻሜ ይቅር የሚለውን አሳቤን ትቻለሁ።

የኬሪ ምሳሌ ግን የእኔን ነጥብ ያጠናክራል እንጂ አያፈርሰውም። ኬሪ የሚጫወተው በመንስተር ክፍለ ሀገር ነው፤ እዚያ ኬሪ ዘግይቶ ስለሚጀምር በ2022 ከሊጉ ፍጻሜ በኋላ ከአንድ ወር በላይ፣ በ2025 ደግሞ ሦስት ሳምንት ያህል አርፏል። በ2023 ሜዮ ያገኘው ዕረፍት አንድ ሳምንት ነው። ለሁለቱም አንድ ዓይነት ጨዋታ፣ አንድ ዓይነት ዋንጫ ተሰጥቷል፤ የሚከፍሉት ዋጋ ግን በትውልድ ካውንቲያቸው ይለያያል። ያላግባብ የምለው ይህን ነው።

በወረርሽኙ ምክንያት ባጠረው የ2021 ውድድር ፍጻሜው ሳይካሄድ ኬሪና ደብሊን ዋንጫውን ተጋርተዋል፤ ሊጉም አልፈረሰም። ስለዚህ የአንደኛ ዲቪዚዮን ፍጻሜ የሚካሄደው ሁለቱም ቡድኖች ከቀጣዩ ጨዋታቸው በፊት ቢያንስ ሦስት ሳምንት ሲኖራቸው ብቻ ይሁን፤ ካልሆነ ዋንጫው በሰባቱ ጨዋታ አንደኛ ለወጣው ይሰጥ።

ከስላይጎ፦
ሦስት ሳምንቱን እቀበላለሁ። ዋንጫውን ያለ ጨዋታ መስጠቱን ግን አልቀበልም፤ የክፍለ ሀገሩ ውድድር በሁለት ሳምንት ይገፋና ፍጻሜው ይካሄድ።