እውነተኛ ፎቶ የሚመስል ምስል ለመሥራት የትኛው ኤአይ ይሻላል?

ቀለሟ

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ጤና የሚያስተምሩ በራሪ ጽሑፎችን ዲዛይን አደርጋለሁ። የእውነተኛ ታማሚ ፎቶ መጠቀም አንፈልግም፤ ማንም ሰው ፊቱ ከበሽታ ስም ጋር ተያይዞ እንዲዞር አይወድም። ስለዚህ ምስሎቹን በኤአይ ልንሠራ ወስነናል። የቸገረኝ ምርጫው ነው። ሚድጆርኒ፣ ፍላክስ፣ ስቴብል ዲፊውዥን፣ ጀሚናይ፣ ቻትጂፒቲ፣ ፋየርፍላይ፣ ሁሉም ከፎቶ አይለይም ይባልለታል።

የምፈልገው የተወሳሰበ ነገር አይደለም። አንዲት አረጋዊት እናት መስኮት አጠገብ ተቀምጠው፣ የመድኃኒት ብልቃጥ በእጃቸው ይዘው። እስካሁን የሞከርኩት መሣሪያ (ስሙ ይቅር) የሚሰጠኝ ግን ሽበት ያላቸው፣ ፊታቸው ላይ አንዲት መስመር የሌለባቸው ሴት ነው። ቆዳቸው ሰም የተቀባ ይመስላል። ሁልጊዜ ካሜራውን እያዩ ፈገግ ይላሉ። ጣታቸው ደግሞ ብልቃጡ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። እንዲህ ያለ ምስል ያየ ሰው ከጎኑ የተጻፈውን የመድኃኒት ምክርም አያምነውም። እኔን የሚያስጨንቀኝ እሱ ነው።

በየወሩ መክፈል እችላለሁ። ኮምፒውተሬ ግን ደከም ያለ ነው። የቱን ልያዝ?

ጥላና ብርሃን

እህቴ፣ መሣሪያውን ከመቀየርሽ በፊት ፕሮምፕትሽን (ለመሣሪያው የምትጽፊውን ትእዛዝ) እይው። ውስጡ «ፎቶሪያሊስቲክ»፣ «ኤይት ኬ»፣ «ማስተርፒስ» የሚሉ ነገሮች ካሉ አውጫቸው። ሞዴሎቹ (ምስሉን የሚሠሩት ፕሮግራሞች) የተማሩት ከምስሎችና ከምስሎቹ ጎን ከተጻፈው መግለጫ ነው። ካሜራ ይዞ ፎቶ ያነሳ ሰው ፎቶው ሥር «ፎቶ የሚመስል» ብሎ አይጽፍም። እንዲያ ብሎ የሚጽፈው በኮምፒውተር ግራፊክስ የሠራ ወይም የሳለ ሰው ነው። አንቺ እንደዚያ ስትጽፊ ሞዴሉን ወደዚያ ወደ ተወለወለው ምስል ትመሪዋለሽ።

በምትኩ ፎቶ አንሺ የሚያስበውን ጻፊ። ብርሃኑ ከየት ነው የሚመጣው? ከግራ ካለ መስኮት፣ ደመናማ ቀን፣ ሌላ መብራት የለም። ሌንሱስ? 35 ሚሊ ሜትር ካልሽ ክፍሉም ይታያል፤ 85 ካልሽ ፊታቸው ይጎላል፣ ጀርባው ይደበዝዛል። ሴትዮዋ ምን እያደረጉ ነው? «የብልቃጡን ጽሑፍ ለማንበብ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው» ብለሽ ብትጽፊ ካሜራውን ማየት ይተዋሉ፣ ፈገግታውም አብሮ ይሄዳል። ዕድሜንም በቁጥር ብቻ አትተይው። የዓይን ጥግ መስመሮች፣ በእጅ ጀርባ ላይ ጎላ ያሉ ደም ሥሮች፣ ያልተስተካከለ የቆዳ ቀለም፣ ከሻሽ ሥር ያፈነገጠ ፀጉር፣ እነዚህን በስማቸው ጥሪያቸው። ካልነገርሽው ሞዴሉ ወደ ወጣትና ወደ ቆንጆ ያጋድላል፤ ሁሉም ላይ ያለ ዝንባሌ ነው።

ከዚያ ያንኑ ፕሮምፕት ሳትቀይሪ ለሁለት ሦስት መሣሪያ ስጪና ከእያንዳንዱ በርከት ያለ ምስል አውጪ። ስታወዳድሪ የየአንዱን ምርጥ ምስል አትያዢ፤ መካከለኛውን ያዢ። ኩባንያዎቹ ማስታወቂያ ላይ የሚያሳዩን ምርጡን ነው፣ ሥራ ሲጣደፍ እጅሽ ላይ የሚገባው ግን መካከለኛው ነው።

ኮምፊ ወዳጅ

ከላይ የተባለው ልክ ነው፣ የመሣሪያው ልዩነት ግን ቀላል እንዳይመስልሽ። ፍላክስ በነሐሴ 2024 የወጣ ነው፤ ብላክ ፎረስት ላብስ የሚባለውን ኩባንያ የመሠረቱት ከዚያ በፊት ስቴብል ዲፊውዥን ላይ የሠሩ ሰዎች ናቸው። እንደ እኔ ክፍት ከሆኑት፣ ማለትም አውርደሽ ራስሽ ልትጭኛቸው ከምትችያቸው ውስጥ ለእጅና ለቆዳ ጥሩ መነሻ እሱ ነው። ግን የመጀመሪያው ፍላክስ 12 ቢሊዮን ፓራሜትር (በሥልጠና የተማራቸው ቁጥሮች) አለው። በ16 ቢት ሲጫን ሞዴሉ ብቻውን 24 ጊጋባይት ያህል የግራፊክስ ካርድ ሜሞሪ ይበላል። የተጨመቁ ስሪቶች በትንሽ ካርድም ይሄዳሉ፣ ጊዜ ይፈጃሉ እንጂ። ኮምፒውተርሽ ደካማ ከሆነ በኦንላይን አገልግሎት ተጠቀሚው፣ ኮምፊዩአይ የሚባለውን ማስኬጃ ፕሮግራም ስትጭኚ ሌሊትሽን አትጨርሺ።

ሁለት ነገር ግን ያዢልኝ። አንደኛ፣ ፍላክስ ዴቭ በሚባለው ስሪት ላይ ጋይዳንስ የሚባል፣ ሞዴሉ ትእዛዝሽን ምን ያህል አጥብቆ እንዲከተል የሚወስን ቁጥር አለ፣ ብዙ ጊዜ 3.5 ላይ ተቀምጦ ነው የምታገኚው። ወደ 2 አካባቢ አውርጂውና ቆዳውን እይ። ያ የሚያብለጨልጨው ነገር ይቀንሳል፣ የቆዳ ቀዳዳ መታየት ይጀምራል። በጣም ካወረድሽው ደግሞ ያዘዝሽውን መርሳት ይጀምራል። ሁለተኛ፣ ፈቃዱን አንብቢ። ሽኔል የተባለው ስሪት አፓቺ 2.0 በሚባለው ፈቃድ የተለቀቀ ስለሆነ ለንግድም ይሆናል፤ ዴቭ ግን ለንግድ አጠቃቀም ገደብ አለው።

ስለ ጣቱ ልንገርሽ፣ ምክንያቱን ካወቅሽ መፍትሔው ይገባሻል። ስቴብል ዲፊውዥንም ሆነ ፍላክስ በቀጥታ ፒክስል ላይ አይሠሩም። ምስሉን በወርድም በቁመትም 8 ጊዜ አሳንሰው፣ በተጨመቀ መልኩ ነው የሚሠሩት። 1024 በ1024 የሆነው ምስልሽ ለሞዴሉ 128 በ128 ነጥብ ነው። እንበልና ከኋላ አንዲት ነርስ ቆማለች፣ ፊቷ ምስሉ ላይ 40 ፒክስል ስፋት አለው። ለሞዴሉ ያ ፊት 5 ነጥብ ነው። ሁለት ዓይን፣ አፍንጫና አፍ በ5 ነጥብ ውስጥ! ስለዚህ ይቀልጣል። ፍላክስ በየነጥቡ ብዙ መረጃ ይይዛል፣ 16 ቻናል፤ የመጀመሪያዎቹ ስቴብል ዲፊውዥኖች 4 ነበራቸው። የሚሻለው በከፊል ለዚህ ነው።

መፍትሔው ኢንፔይንቲንግ ነው። ሙሉውን ምስል ደጋግመሽ አታውጪ። እጁ ያለበትን ቦታ ብቻ ምረጪ፣ በትልቅ መጠን እንደገና አሠሪው፣ ከዚያ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ለእጁ የሚደርሰው ነጥብ ሲበዛ ጣቶቹ ይለያያሉ።

ካሜራ ተሸካሚ

እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን ለዚህ ሥራ ሚድጆርኒን አላስቀድምም። ውበቱ አያጠያይቅም፣ ግን ሳታዢው ምስሉን ያሳምረዋል፣ የጤና ጽሑፍ ደግሞ ማሳመር አይደለም የሚፈልገው። ከያዝሽው ግን «ስታይል ሮው» የሚባለውን ትእዛዝ ጨምሪ፣ ስታይላይዝ የሚለውን የማሳመር መጠንም ከተለመደው 100 ዝቅ አድርጊ። ሌላው፣ የምትሠሪው ምስል በነባሪው ለሌሎች ተጠቃሚዎች ይታያል፤ መደበቅ የሚቻለው ውድ በሆኑት የክፍያ ደረጃዎች ነው። ገና ያልታተመ ሥራ ከሆነ አስቢበት።

ጽሑፍሽ ብዙ ገጽ ካለው ትልቁ ጣጣሽ ቆዳው አይሆንም። እኚሁ እናት በሚቀጥለው ገጽ ላይም እኚሁ እናት መሆን አለባቸው። ለዚህ በነሐሴ 2025 የወጣውን የጀሚናይ ምስል ሞዴል ሞክሪ፣ ሰው «ናኖ ባናና» የሚለውን። የወደድሽውን ምስል ትሰጪዋለሽ፣ «አሁን ቆመው ውኃ ሲጠጡ» ትዪዋለሽ፣ ፊቱን በደንብ ይይዛል። የባለቤትነት ጥያቄ የሚያሳስበው አሳታሚ ካለሽ ደግሞ ፋየርፍላይ አለ። አዶቤ ሞዴሉን ያሰለጠንኩት ፈቃድ ባላቸው የአዶቤ ስቶክ ምስሎችና የቅጂ መብታቸው ባለቀ ሥራዎች ነው ይላል። በፎቶ ጥራት ግን አንደኛ አላደርገውም።

እባክሽን አንድ ነገር፦ የብልቃጡን ጽሑፍ ሞዴሉ እንዲጽፈው አትፍቀጂ። ባዶ መለያ አሠሪና ጽሑፉን ራስሽ በዲዛይን ፕሮግራምሽ ጻፊ። በመድኃኒት መጠን ላይ የተዛባ አንድ ፊደል ጉዳት አለው። ምስሉን ከማተማችሁ በፊትም የጤና ባለሙያ ይየው። ሞዴሉ መርፌንም ሆነ የአስም መንፊያን አያያዝ አያውቅም፣ የሚያውቀው ምን እንደሚመስል ብቻ ነው።

ቀለሟ

እግዚአብሔር ይስጣችሁ! «ኤይት ኬ»ም «ማስተርፒስ»ም ነበሩበት፣ አወጣኋቸው። የመስኮቱን ብርሃንና የእጁን ደም ሥር ስጽፍ፣ ያው የድሮው መሣሪያ እንኳ ሌላ ሰው አመጣልኝ። ግንባራቸው ላይ መስመር አለ፣ ብልቃጡንም ወደ ብርሃኑ ቀና አድርገው ይዘውታል። አውራ ጣታቸው አሁንም ትንሽ ረዝሟል፣ እሱን በኢንፔይንቲንግ እሞክራለሁ። ለተከታታይ ገጾቹ ጀሚናይን ልይዝ ነው።

አንድ የቀረኝ፦ ምስሉ በኤአይ መሠራቱን መጻፍ አለብኝ? አለቃዬ «ምስሉ ውስጥ የማይታይ ምልክት አለ፣ ይበቃል» ይላል።

ጥላና ብርሃን

አይበቃም። የጎግል ምስሎች ውስጥ ሲንትአይዲ የሚባል ለዓይን የማይታይ ምልክት አለ፣ ፋየርፍላይም ከፋይሉ ጋር የምስሉን አመጣጥ መረጃ ያያይዛል። ግን በራሪ ጽሑፍ የያዘ ሰው ይህን በምን ያያል? ፋይሉ ላይ የተያያዘው መረጃ ደግሞ ስክሪንሾት ሲነሳ ይጠፋል። በዓይን መለየትም ከባድ ነው፤ በ2023 ጀርመናዊው ፎቶ አንሺ ቦሪስ ኤልዳግሰን በኤአይ የሠራው ምስል በሶኒ የዓለም ፎቶግራፍ ሽልማት ካሸነፈ በኋላ ሽልማቱን አልቀበልም ብሏል። ዳኞች ፊት ያለፈ ነገር ታማሚ እንዴት ይለየዋል? ከምስሉ ሥር በትንሽ ፊደል «በኤአይ የተሠራ ምስል» በዪ። አንድ መስመር ነው፣ ጽሑፍሽንም ያስከብረዋል።

ለኅትመት ስትልኪ ደግሞ መጠኑን አስቢ። 1024 ፒክስል በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ሲታተም 8.7 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ከፈለግሽ በማጉያ ፕሮግራም ማሳደግ ይኖርብሻል፣ ማጉያው ግን የሌለ ዝርዝር ከራሱ ይጨምራል። ስለዚህ ካጎላሽው በኋላ እጁንና ዓይኑን እንደገና እያቸው።